የዋልታ ናቪጌሽን ሥልጠና በረራ

የዋልታ ናቪጌሽን ሥልጠና በረራ ወታደራዊ ናቪጌተሮች (የአውሮፕላኑን ቦታና አቅጣጫ የሚያሰሉ የበረራ አባላት) ኮምፓስ በማይታመንበት ሰማይ ላይ መንገዳቸውን ማግኘት የሚለማመዱበት ነው። ልምምዱ መልክ የያዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1945 ኤሪዝ የተባለችው የብሪታኒያ አየር ኃይል ላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከአይስላንድ ተነሥታ በሰሜን ዋልታ ላይ በረረች። አውሮፕላኗ በእንግሊዝ ሾበሪ የነበረው የአየር ናቪጌሽን ትምህርት ቤት ንብረት ነበረች። በ1946 ደግሞ የአሜሪካ 46ኛ የቅኝት ስኳድሮን ከአላስካው ላድ ፊልድ በቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መብረር ጀመረ። በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ በአርክቲክ ላይ ስለሚያልፍ ጉዳዩ የሳይንስ ጉጉት ብቻ አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው ከራሱ ከ«ሰሜን» ነው። በመግነጢሳዊው ዋልታ አቅራቢያ የምድር መግነጢስ ወደ ታች ስለሚስብ፣ የኮምፓሱን መርፌ ወደ ጎን የሚያዞረው ጉልበት ይመነምንና መርፌው ይዋልላል። እውነተኛው ሰሜንም ብዙ አይረዳም፤ ኬንትሮሶች ሁሉ ዋልታው ላይ ይገናኛሉና። በግሪንዊች መስመር ወደ ሰሜን ሲበር የቆየ አውሮፕላን፣ አፍንጫውን አንዲት ዲግሪ ሳያዞር፣ ዋልታውን እንዳለፈ አቅጣጫው ከ0 ወደ 180 ይገለበጣል።

መላው ግሪድ ነው። ካርታው ላይ ከግሪንዊች ኬንትሮስ ጋር ትይዩ የሆኑ መስመሮች ይሰመሩና «ሰሜን» በስምምነት በእነሱ ይለካል። ያ አውሮፕላን ታዲያ ከዋልታው በፊትም በኋላም በግሪድ 0 ላይ ነው። ዘዴውን ካዳበሩት አንዱ ካናዳዊው ኬ. ሲ. ማክሉር ሲሆን፣ በኤሪዝ በረራም ተሳትፏል።

ግሪዱን ይዞ የሚጓዘው ጋይሮስኮፕ (በፍጥነት እየተሽከረከረ አቅጣጫውን የማይለቅ መሣሪያ) ነው። ጋይሮ ግን የሚታዘዘው ለጠፈር እንጂ ለምድር አይደለም፤ ምድር ከሥሩ ስለምትዞር ዋልታው ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ የዞረ ይመስላል። ይህን መዞር ስሌት ያርመዋል። የመሣሪያውን የራሱን መንሸራተት የሚያጋልጠው ግን ፀሐይ ወይም ኮከብ ብቻ ነው። የ1 ዲግሪ ስህተት በየ60 ማይሉ 1 ማይል ያህል ከመንገድ ያስወጣል።

እዚህ ላይ ዋልታው አንድ ውለታ ይውላል። በዋልታው ላይ ፀሐይ ከአድማስ ያላት ከፍታ አልማናክ (የሰማይ አካላት ቦታ በየሰዓቱ የሚሰፍርበት መጽሐፍ) ላይ ከሚጻፈው ዴክሊኔሽኗ፣ ማለትም ከምድር ወገብ አንጻር ካላት የማዕዘን ርቀት፣ ጋር እኩል ነው። ሰልጣኙ በሴክስታንት (የከፍታ ማዕዘን መለኪያ) የለካው ከአልማናኩ በ20 የማዕዘን ደቂቃ ከተለየ፣ ያለበት መስመር ከዋልታው 20 ኖቲካል ማይል (አንዱ በምድር ገጽ ላይ አንዲት የማዕዘን ደቂቃ ያህል ነው) ይርቃል ማለት ነው። ሌላ ቦታ ረጅም ሠንጠረዥ የሚያስገልጥ ሥራ እዚህ ተራ መቀነስ ይሆናል።

ክፉው ጊዜ ድንግዝግዝ ነው፤ ፀሐይ ከአድማስ በታች ሆና ሰማዩ ግን ኮከብ እስኪጠፋ ድረስ ይነጣል። ኪ በርድ የተባለችው ቢ-29 ከላድ ፊልድ ወደ ዋልታው ሄዳ ስትመለስ መንገድ የሳተችው በፌብሩዋሪ 1947፣ በዚህ ወቅት ነው። ነዳጇ ሲያልቅባት ሰሜን ግሪንላንድ ውስጥ በረዶ በጋገረ ሐይቅ ላይ አረፈች፤ 11ዱም ሰዎች ከቀናት በኋላ በሕይወት ተወሰዱ።

ኢነርሺያል መሣሪያ (የአውሮፕላኑን እንቅስቃሴ ራሱ እየለካ ቦታውን የሚያሰላ) እና ጂፒኤስ ሥራውን አቅልለውታል፤ አልሻሩትም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምሕዋር ከምድር ወገብ በ55 ዲግሪ ብቻ ስለሚያዘነብል ከዋልታው አናት በላይ አይደርሱም፤ የከፍታ ልኬቱም ይዳከማል። የኒውዮርክ ኤር ናሽናል ጋርድ 109ኛ ኤርሊፍት ዊንግ (የአየር ማጓጓዣ ክፍል) በበረዶ መንሸራተቻ በሚያርፉት ኤልሲ-130 አውሮፕላኖቹ ግሪንላንድ ላይ ይለማመዳል። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ የናቪጌተሩ ወንበር ገና አልተነሣም፤ ሰማይና በረዶ አንድ ነጭ ሲሆኑ ሬዳሩን እያነበበ አብራሪውን ወደ ማረፊያው የሚመራው እሱ ነው።