ለኮሎኖስኮፒ አንጀት ማጽዳት፦ ለጎጃም አረጋውያንና ለአስታማሚዎቻቸው

ኮሎኖስኮፒ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ፣ 1.5 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ትልቁን አንጀት ውስጡን የሚያይበት ምርመራ ነው። ካሜራው ዓይነ ምድር የሸፈነውን አያይም፤ ጠፍጣፋ እባጭ በስስ ዝቃጭ ሥር ተደብቆ ሊታለፍ ይችላል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ከምርመራው የሚከብደው ዋዜማው ነው። በእርጅና አንጀት ይዘገያል፣ የሆድ ድርቀት ይለመዳል፤ የስኳር በሽታ፣ ፓርኪንሰንና ለድብርትና ለነርቭ ሕመም እንደሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ይብሱታል።

ዝግጅቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ከማዕድ ይጀምራል። የጎጃም ገበታ አሰር ይበዛዋል፦ የጤፍ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጎመን፣ በሶ። ከሁሉ የሚከፉት ተልባ፣ ሱፍና ኑግ ናቸው፤ ፍሬያቸው ሳይፈጭ ወርዶ የመሣሪያውን መምጠጫ ይደፍናል። በነዚህ ቀናት ነጭ ሩዝ፣ ፉርኖ ዳቦ፣ ተልጦ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላልና ዓሣ ይሻላል። ጾም ከሆነም ሩዙ፣ ድንቹና ዳቦው አሉ፤ ሽሮውና ምስሩ ግን ይቆይ። ቀይ ሥር አይበላ፣ ቀለሙ ደም ይመስላል። የብረት እንክብል ዓይነ ምድሩን ጥቁርና ሙጫ ስለሚያደርገው ሐኪሙ ከ5 እስከ 7 ቀን ቀደም ብሎ ያስቆመዋል።

በዋዜማው ቀን ጠጣር ነገር የለም። ውሃ፣ ሻይ፣ ወተት የሌለው ቡና፣ በወንፊት የተጣራ የሥጋ መረቅ ይፈቀዳል። ጠበልም ጥርት ያለ ውሃ ነውና አይከለከልም፤ እምነት የሚባለው የተቀደሰ አፈር አይበጥበጥበት እንጂ። «ጉልበት ይሁናቸው» ተብሎ በፍቅር የሚቀርበው አጥሚት ግን የቀኑን ድካም ሁሉ ያበላሻል።

በብዛት የሚታዘዘው ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ዱቄት ነው። ወደ ደም ሳይገባ ውሃውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ አብረውት ያሉት ጨዎችም የሰውነት ፈሳሽ እንዳይዛባ ይጠብቃሉ። ለአረጋውያን የሚመረጠው ለዚህ ነው። የተለመደው መጠን 4 ሊትር ሲሆን ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለት ባለ2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ለመለኪያ ይመቻል። ዱቄቱ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ይበጠበጣል፣ ስኳርም ማርም አይገባበትም። ቀዝቀዝ ሲል ይጠጣል።

ቀጠሮው ጠዋት 4 ሰዓት ነው እንበል። የመጀመሪያው 2 ሊትር በዋዜማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፤ በየ15 ደቂቃው 250 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ፣ ሲጠጣ እስከ 2 ሰዓት ያልቃል። ሁለተኛው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት። ከምርመራው በፊት ባሉት የመጨረሻ 2 ሰዓታት ምንም አይጠጣም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አትቀስቅሷቸው፣ ይረፉ» ተብሎ የንጋቱ ይቀራል። ሌሊቱን ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ሐሞት የተቀላቀለበት ዝቃጭ የትልቁን አንጀት ቀኝ ክፍል እንደገና ይለብጠዋል፤ የንጋቱ 2 ሊትር የሚያጥበው እሱን ነው።

ማቅለሽለሽ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት አርፎ ቀስ እያሉ መቀጠል ይቻላል። ትውከቱ ከተደጋገመ፣ ወይም ሆድ ተነፍቶ እያመመ ምንም ካልወረደ፣ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና መጠጣቱን አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። መዋጥ የሚቸግራቸው ሰዎች ፈሳሹ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

በልጅነታቸው ኮሶ የጠጡ አዛውንቶች «ሆድ መጥረግማ እናውቃለን» ይላሉ። ኮሶ ለትል የሚወሰድ ነው፤ አንጀትን ለካሜራ አያጠራም፣ ያደክማልም። ሶዲየም ፎስፌት ያለበት የሚጠጣ ማጽጃም ለአረጋዊ አይሆንም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

መድኃኒት በግምት አይቆምም። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ማቆምም መቀጠልም ያለባቸው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። ሳይበሉ እንደ ወትሮው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ መውሰድ ስኳርን አደገኛ ሆኖ ያወርዳል፤ መጠኑ ቀድሞ ይስተካከል፣ ስኳር ያለው ሻይም ከአጠገብ አይራቅ። የሚያሸና የደም ግፊት ክኒንም ይጠየቅበት።

ሌላው አደጋ ውድቀት ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ሌሊቱ ጨለማ፣ ጉልበቱ የዛለ። አልጋው አጠገብ ፖፖ፣ ባትሪ፣ የማያንሸራትት ጫማና ነቅቶ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። ቆዳ እንዳይላጥ ከመጀመሪያው ቫዝሊን ይቀባል። ምርመራው ባሕር ዳር ሆኖ ታማሚው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከቢቸና የሚመጣ ከሆነ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ፈሳሹን እየጠጡ መጓዝ አይቻልም፤ ዋዜማውን ከተማው ውስጥ፣ ሽንት ቤት ቅርብ የሆነበት ቦታ ማደር ግድ ነው።

አንጀት ጠራ የሚባለው የሚወርደው እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ ውሃ ሲሆን ነው፤ የፖፖው ወለል በውስጡ ይታያል። አሁንም ቡናማ ወይም ድፍርስ ከሆነ አልጋው ላይ ከመውጣት በፊት ለነርሷ መንገር ይገባል፤ ተጨማሪ ማጠቢያ ሊታዘዝ ወይም ሰዓቱ ወደ ከሰዓት ሊገፋ ይችላል።