ለዱር ሕይወት መኖሪያ የሚሆን የትምህርት ቤት ግቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለወፎች፣ ለቢራቢሮዎችና ለንቦች የሚሆን ሥፍራ ለማዘጋጀት የሚነሡ መምህራን ብዙ ጊዜ ዕቅዳቸውን የሚነድፉት ግቢውን በየዕለቱ የሚንከባከቡትን ሠራተኞች ሳያማክሩ ነው። ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

«የግቢ ሠራተኞች የሚያስፈልጉት ለመቆፈርና ውሃ ለማጠጣት ነው።»
እውነታው፦ ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚተኛበትን ቦታ፣ የተቀበሩት ቧንቧዎችና የኤሌክትሪክ መስመሮች የሚያልፉበትን አቅጣጫ፣ ተማሪዎች መንገዱን ትተው የሚያቋርጡበትን ሣር ጠንቅቀው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በመሆኑም ንድፉ በወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት ከእነርሱ ጋር ግቢውን ዞሮ ማየት ይገባል። ዕፅዋቱ በሚተከሉበት መደብና በአጥሩ መካከል የሣር ማጨጃው ማሽን የሚያልፍበት ስፋት ካልተተወ፣ ወይም የመደቡ ጠርዝ ማሽኑን የማያዞር ሹል ማዕዘን ከበዛበት፣ በእጅ ብቻ የሚታጨድ ሣር ይፈጠራል፤ ይህም በሌላ ሥራ የተጠመደ ሰው ላይ የተጫነ ተጨማሪ ሥራ ነው። ይህን ጉዳይ ከመምህራን መካከል አስቀድሞ የሚያስበው ጥቂት ነው።

«ሀገር በቀል ዕፅዋት ከተተከሉ በኋላ እንክብካቤ አይሹም።»
እውነታው፦ ሥር እስኪሰዱ ድረስ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት፣ ውሃ ማጠጣትና ማረም ያስፈልጋል። በረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ማን እንደሚያጠጣ በስም ተለይቶ ካልተጻፈ ችግኞቹ ይደርቃሉ።

«የወደቀ ቅጠልና የደረቀ ግንድ የቸልተኝነት ምልክት ነው።»
እውነታው፦ ብዙ ነፍሳት አስቸጋሪውን ወቅት የሚያሳልፉት በቅጠል ሥር ተሸሽገው ነው፤ በመንጋ የማይኖሩ አንዳንድ ንቦችም ባዶ በሆነ ግንድ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ከዓለም የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጎጇቸውን መሬት ውስጥ ስለሚሠሩ፣ አፈሩን በሙሉ በገለባ ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ መሸፈን ይጎዳቸዋል። ሆኖም ግቢው ተዝረክርኳል ተብሎ የሚወቀሰው ሠራተኛው እንጂ ንድፉን ያወጣው መምህር አይደለም። ስለዚህ አስተዳደሩ ቅጠሉ የሚተውበትን ክልል በጽሑፍ መፍቀድ፣ በዙሪያው በወጉ የታጨደ ጠርዝ ማስቀረትና ምልክት ማቆም አለበት፤ ምልክቱ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ሥፍራውን ሳያውቅ እንዳያጭደውም ይረዳል።

«ለወፎች ውሃ ማስቀመጥ ትንኝ ያራባል።»
እውነታው፦ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ቀናት ስለሚወስድባት፣ ውሃውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ደፍቶ መለወጥ በቂ ነው።

«የተበላ ቅጠል ከታየ ፀረ-ተባይ መረጨት አለበት።»
እውነታው፦ ቢራቢሮ የምትፈለግ ከሆነ አባጨጓሬዋም ቅጠል መብላቷ የግድ ነው። ጥሬ የሚለቅሙ ብዙ ወፎች እንኳ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። በአጠገቡ ባለው ሜዳ ላይ የሚረጨው ፀረ-አረምም በነፋስ ተወስዶ መደቡን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ ርጭት የሚከለከልበት ወሰን በመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል በሚለጠፈው የግቢ ካርታ ላይ በግልጽ ይሠመር።