ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሥራ ገበያ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሥራ ገበያ ላይ የሚያመጣው ነውጥ የዓለምን ክፍሎች እኩል አይነካም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በበለጸጉ አገሮች ካለው ሥራ 60 በመቶ ያህሉ፣ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ግን 26 በመቶው ለቴክኖሎጂው የተጋለጠ ነው። ከተጋለጠውም ከፊሉ በማሽን የሚታገዝ እንጂ የሚነጠቅ አይደለም።

በዚህ ስሌት ኮምቦልቻ የተረፈች ትመስላለች። ከተማዋ የምትተዳደረው በጨርቃ ጨርቅ፣ በቢራና በብረታ ብረት ፋብሪካዎቿ፣ በደረቅ ወደቧና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ጨርቅ እየተጣጠፈ ስለሚያስቸግር ስፌት ዛሬም ከሰው እጅ አልወጣም። የፓርኩ ገበያ ግን ባሕር ማዶ ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገቡበት ዕድል፣ ስታስወጣ ኮምቦልቻ ከሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ገና አላገገመችም ነበር። የአውሮፓና የአሜሪካ የቢሮ ሠራተኛም ሥራውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተነጥቆ ገቢው ሲያንስ ልብስ መግዛቱን ይቀንሳል፤ ያኔም ትእዛዝ የሚጎድልባት እዚህ ስፌት ላይ ያለችው ልጅ ናት።

ደሴ ላይ ስጋቱ ሌላ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው ከሁሉ በላይ የተጋለጠው የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ነው፤ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ብዙ ወጣቶች የሚመኙትም ይህንኑ ነው። ሕንድ በሶፍትዌር፣ ፊሊፒንስ በጥሪ ማዕከል የወጡበት መሰላል የእኛ ልጆች ሳይደርሱበት እንዳይነሳ እሰጋለሁ። ከሳዑዲና ከሌሎች ዓረብ አገሮች ወደ ደቡብ ወሎ የሚላከው ገንዘብ ግን የቤት ሠራተኞች የላብ ዋጋ በመሆኑ ለጊዜው የሚጸና ይመስለኛል።

ትልቁ ልዩነት ያለው ሥራ ያጣ ሰው በሚያገኘው ድጋፍ ላይ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የሥራ አጥነት መድንና እንደገና መሠልጠኛ አለ። አሜሪካ ኩባንያዎቹም ካፒታሉም አላት፤ ለተፈናቃይ ያላት ድጋፍ ግን ከሰሜን አውሮፓ የሳሳ ነው። በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መድን የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የስንብት ክፍያ ነው። ደሴ የከተማ ሴፍቲኔት (የድሆች መደገፊያ መርሐ ግብር) መጀመሪያ ከተተገበረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ብትሆንም፣ መርሐ ግብሩ የታሰበው ለድሃ ድሃ እንጂ ከቢሮ ለተቀነሰ ምሩቅ አይደለም። ለእሱ የሚቀሩት ዘመድና እቁብ ናቸው፤ እቁብ ደግሞ የሚዞረው አባላቱ ደመወዝ እስካላቸው ድረስ ነው።