ፍሳሽ ቱቦውን ራሱ የሚያጥብበት ፍጥነት ምንድን ነው?

የፍሳሽ መስመር በተደፈነ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ «ምን ገባበት?» የሚል ነው። እኔ ግን ቶሎ ቶሎ የሚደፈን መስመር ሲያጋጥም መቅደም ያለበት «ፍሳሹ በምን ፍጥነት ይሄዳል?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

በስበት የሚሠራ መስመር ፓምፕ የለውም። የሚነዳው ተዳፋቱ ብቻ ነው። ፍሳሹ በቂ ፍጥነት ካለው አሸዋውንም ሌላውንም ደረቅ ቆሻሻ ይዞት ይሄዳል፣ ከዘገየ ግን ከባዱ ነገር ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ቅባቱ ግድግዳው ላይ ይጋገራል፣ በዚያ ላይ ጨርቅ ወይም የዛፍ ሥር ከተጨመረበት መስመሩ አለቀለት። የተለመደው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜትር ነው። የውስጥ ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ቢያንስ እስከ ግማሹ ሞልቶ ሲፈስ ይህን እንዲያገኝ በየሜትሩ 4 ሚሊ ሜትር ያህል መውረድ አለበት።

«ቱቦው ጠቦ ነው፣ በትልቅ ይቀየር» የሚለው ምክር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ተዳፋቱ ያው ሆኖ ፍሳሹ ትንሽ ከሆነ፣ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ስስ ሆኖ ይዘረጋና ጭራሽ ይዘገያል።

ፍለጋው ከማንሆል (ከመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) ይጀምራል። ክዳኑን ከፍታችሁ ከላይ ሆናችሁ እዩ፣ በፍጹም አትግቡ! ከፍሳሽ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ስለዚህ «አይሸትም» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። የላይኛው ማንሆል ሞልቶ የታችኛው ከደረቀ የተደፈነው በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ከሞሉ ወደ ታች እየወረዳችሁ ቀጣዩን ክፈቱ። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያለቦታው በተገናኘ አሸንዳ የዝናብ ውሃ እየገባ መሆኑን ጠርጥሩ።

በከፍተኛ ግፊት ውሃ ታጥቦ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቦታ ላይ የሚደፈን መስመር ካሜራ ይግባበት። የዛፍ ሥር ከሆነ በግልጽ ይታያል። ካሜራው መንገድ ላይ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ትንሽ ሄዶ ከወጣ ግን ቱቦው እዚያ ላይ ሰምጧል። የሰመጠ ቱቦ ውሃ ያቁራል፣ ደለል ይሰበስባል፣ የቱንም ያህል ቢታጠብ ተዳፋቱ አይመለስም። ያን ክፍል ቆፍሮ፣ ከቱቦው በታች ያለውን መሬት በደንብ ጠቅጥቆ፣ ተዳፋቱን በሌቭል እየለኩ እንደገና መዘርጋት ነው።