እንግዳ መጣ፣ ክርስቶስ መጣ

በካቶሊክ ገዳማት፣ በተለይም የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ደንብ በሚከተሉት በቤኔዲክታውያን መነኮሳት ዘንድ፣ ስለ እንግዳ ማረፊያ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀስ አንድ አጭር የላቲን አባባል አለ፦ «ሆስፔስ ቬኒት፣ ክሪስቱስ ቬኒት»። እንግዳ መጣ፣ ክርስቶስ መጣ ማለት ነው። ላይ ላዩን ለሚያየው የደግነት መፈክር ይመስላል። ወደ ምንጩ የወረደ ሰው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው፤ ማን በር እንደሚከፍት፣ ማን ውኃ እንደሚያስታጥብ፣ ማን ከእንግዳው ጋር መነጋገር እንደማይችል ሳይቀር የሚወስን ጥብቅ ሥርዓት።

የአባባሉ ሥር የማቴዎስ ወንጌል 25፥35 ነው፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»። ይህን ቃል የዕለት ተዕለት ልማድ ያደረጉት የግብፅ በረሃ መነኮሳት ናቸው። አባ አጵሎ የተባሉት አባት በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሚመጡ ወንድሞች መስገድ ይገባል ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ወንድምህን ስታይ ጌታህን አየህ፣ ይህንንም ከአብርሃም ተምረናል ይላሉ። እንግዳን ግድ ብሎ ማሳደርን ደግሞ ከሎጥ። ስለ ገዳማዊ ሕይወት የጻፈው መነኩሴ ዮሐንስ ካስያንም ወደ ግብፅ በሄደ ጊዜ የገጠመውን ጽፎልናል። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጾማቸውን ትተው ከእንግዶቹ ጋር ማዕድ ቀረቡ። ለምን ቢባሉ፣ ጾም ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ናት፣ እናንተን ግን መሸኘቴ አይቀርም ብለው መለሱ።

ይህ ልማድ ወደ ምዕራቡ ዓለም ተሻግሮ በጽሑፍ የጸናው በቅዱስ ቤኔዲክቶስ እጅ ነው። ቤኔዲክቶስ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢጣሊያ ውስጥ በሞንቴ ካሲኖ ለመነኮሳቱ ባለ 73 ምዕራፍ ደንብ ጻፈ። አባባሉ ቃል በቃል በደንቡ ውስጥ የለም። ምዕራፍ 53 «የሚመጡ እንግዶች ሁሉ እንደ ክርስቶስ ይቀበሏቸው» ይላል፤ አጭሩ አባባል የዚህ ትእዛዝ ጭማቂ ነው።

ምዕራፉ ነገሩን በምኞት አይተወውም። እንግዳ መምጣቱ እንደተሰማ አለቃው ወይም ወንድሞች ወጥተው ይቀበሉታል፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወይም መሬት ላይ ተደፍተው ይሰግዱለታል። አበምኔቱ ራሱ ውኃ ያስታጥበዋል፤ እግሩን አበምኔቱና ማኅበሩ በሙሉ ያጥቡታል። ጥብቅ የጾም ቀን ካልሆነ አለቃው ለእንግዳው ሲል ጾሙን ይገድፋል፤ ሌሎቹ መነኮሳት ግን ጾማቸውን አይተዉም። ምዕራፍ 66 ስለ በረኛው ሲናገር ደግሞ አስተዋይ ሽማግሌ ይሁን ይላል፤ በር የተንኳኳ ወይም ድኻ የተጣራ እንደሆነ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። የሚንኳኳው በር ምስጋና የሚቀርብበት ነገር ሆነ ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ስለ ሰላምታ መሳሳም የተጻፈው ነው። መጀመሪያ አብረው ይጸልዩ፣ ከዚያ በኋላ ይሳሳሙ ይላል ደንቡ፤ ምክንያቱም የሰይጣን ማታለል ሊኖር ይችላል። እንደ ክርስቶስ የሚሰገድለት እንግዳ በዚያው ቅጽበት ይፈተሻል! ጥንቃቄው በዚህ አያበቃም። እንግዶች በማናቸውም ሰዓት ስለሚደርሱና ከገዳም ስለማይጠፉ፣ ወንድሞች እንዳይታወኩ የእንግዶቹ ወጥ ቤት ለብቻው ይሆናል። ማረፊያውን እግዚአብሔርን የሚፈራ ወንድም ይይዘዋል፤ የተነጠፉ በቂ አልጋዎችም ይኖራሉ። ካልታዘዘ በቀር ማንም መነኩሴ ከእንግዳ ጋር አይጫወትም፤ መንገድ ላይ ቢያገኘው በትሕትና ሰላም ብሎ፣ መነጋገር አልተፈቀደልኝም ብሎት ያልፋል። ገዳሙ ገዳምነቱን ካጣ እንግዳውን የሚቀበልበት ቤት አይኖረውምና፣ ይህን የልብ ቅዝቃዜ ብሎ መተርጎም ስሕተት ይመስለኛል።

ከቤኔዲክቶስ በፊትም የእንግዳ ነገር ልክ ነበረው። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች ጽሑፍ ተዘዋዋሪ ሐዋርያን እንደ ጌታ ተቀበሉት ካለ በኋላ፣ አንድ ቀን ይቆይ፣ ቢያስፈልግ ሁለት፣ ሦስት ከሆነ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው ይላል። ገንዘብ ከጠየቀም እንዲሁ።

የአባባሉ ከባድ ክፍል ግን «ሁሉ» የሚለው ቃል ነው። ቤኔዲክቶስ ድኾችንና መንፈሳዊ ተጓዦችን ለይቶ ያነሣቸዋል፦ ክርስቶስን ይበልጥ የምንቀበለው በእነርሱ ነው፤ ሀብታም እንደሆነ ግርማው በራሱ ያስከብረዋል። ሰው ለባለጸጋ ወንበር ለመልቀቅ ደንብ አያስፈልገውም።

እንግዳ የሚባለው ማን ነው የሚለው ዛሬም የሚያከራክር ጉዳይ ነው። በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ድንበር፣ ወደ 2,470 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ ማረፊያ ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጓዥ ያሳድራል። የሚያስተዳድሩት የአውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ካህናት ናቸው። መፈክራቸው የአባባላችን የሥጋ ዘመድ ነው፦ «ክርስቶስ እዚህ ይመለካል፣ ይመገባልም»። በክረምት አውራ ጎዳናው በበረዶ ስለሚዘጋ እንግዳው በእግሩ ወይም በበረዶ መንሸራተቻ ይደርሳል። በሮም ደግሞ ብዙ የደናግል ማኅበራት ክፍል ያከራያሉ፤ አልጋው ንጹሕ፣ ግድግዳው ላይ መስቀል፣ በሩ ብዙ ጊዜ ማታ በተወሰነ ሰዓት የሚዘጋ። እዚህ ላይ እንግዳና ደንበኛ ይቀላቀላሉ። የኢጣሊያ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ቤቶች ሰጥቶት የነበረው የንብረት ግብር ነፃነት እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያልተከፈለው ግብር እንዲመለስ አይታዘዝም የሚለውን የአውሮፓ ኮሚሽን ውሳኔ ሽሯል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በተመረጡ ማግሥት ወዳረፉበት የካህናት ማረፊያ ተመልሰው ሂሳባቸውን ከፍለዋል፤ ስለዚህ መክፈል በራሱ ነውር አይደለም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሮም ውስጥ የስደተኞችን ማዕከል ሲጎበኙ ግን፣ ባዶ ገዳማት ገንዘብ ለማግኘት ወደ ሆቴልነት ሊለወጡ አይገባም፣ የክርስቶስ ሥጋ ለሆኑት ለስደተኞች ናቸው ብለዋል። ከምዕራፍ 53 የወጣ ንግግር ነው።

አባባሉ በገዳማት ውስጥ በሦስት መንገድ ይነገራል። አንደኛው የቁም ነገር፣ አዲስ መነኩሴን ለማስተማር። ሁለተኛው ተግሣጽ፣ እንግዳ ላስጠበቀ ሰው። ሦስተኛው ቀልድ ነው፤ ይህኛውን ቤኔዲክታውያን ራሳቸው ያወሩታል። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሲቀበል የዋለ መነኩሴ ማታ በሩ ደግሞ ሲንኳኳ ይከፍትና፣ የቆመውን ሰው አይቶ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ደግሞ መጣህ?» አለ ይባላል።