ከእረፍት ጉዞ በነፃ የሚመጣ የክፍል ዕቃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲገባ እዚህ ሀዋሳ ያለን መምህራን ግማሹ ለክረምት ኮርስ፣ ግማሹ ቤተሰብ ጥየቃ፣ ግማሹ ለንግስ ብሎ ከከተማ ይወጣል፣ እና ሁሌም ከሄዳችሁበት ገንዘብ ሳታወጡ ለክፍል የሚሆን አንድ ሁለት ነገር ይዛችሁ ኑ ሲባል የሚሰጡት መልሶች ተመሳሳይ ናቸው። ነውር ነው የሚል አለ፣ እኔ የት ሄጄ ነው የሚል አለ፣ ሌላው ደሞ ያገኘውን ሁሉ ከረጢት ሙሉ ጠቅልሎ ይመጣል። ሁሉም ላይ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም መርጃ መሳሪያ የሌለበት ክፍል ውስጥ አካባቢ ሳይንስ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረ ያውቀዋል፣ በእጅ የሚያዝ አንድ ነገር ሲገባ ደሞ ክፍሉ እንዴት እንደሚነቃ አይቻለሁ።

«ነፃ ነገር ስጡኝ ማለት ለመምህር ነውር ነው»

የሙዚየም በራሪ ወረቀት፣ የከተማ ካርታ፣ የአስጎብኚ ድርጅት ብሮሸር፣ የትራንስፖርት ሰሌዳ፣ እነዚህ የታተሙት ሰው እንዲወስዳቸው ነው፣ ሳይወሰዱ ቢቀሩ ነው ያሳተማቸው የሚከስረው። «መምህር ነኝ፣ ለተማሪዎቼ ነው» ብላችሁ ስትጠይቁ የአብዛኛው ሰው ፊት ይፈታል፣ አንዳንዱማ ቆይ ብሎ ከጓዳ ተጨማሪ ያመጣላችኋል። ነውሩ ሳይጠይቁ ማንሳት ላይ ነው። ሆቴል ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው ትንሿ ሳሙና ለእንግዳ የተሰጠች ናት፣ ፎጣውና የልብስ መስቀያው ግን የሆቴሉ ነው፣ እስክሪብቶውን ካልተጠራጠራችሁ ውሰዱ፣ ከተጠራጠራችሁ ሪሴፕሽን ጠይቁ፣ በቃ።

«እዚህ ምን አለ፣ ላሊበላ ወይ ውጭ ሀገር ካልሄድኩ ምን አመጣለሁ»

ይሄ ነው ከሁሉም የሚያናድደኝ። ከሀዋሳ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛውን መንገድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው የምትሄዱት፣ ሻላ፣ አብያታ፣ ላንጋኖ፣ ዝዋይ፣ ቆቃ እያላችሁ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚስተካከለው የለም፣ እኛ ግን በመስኮት እያየን እንቅልፍ እንተኛለን።

ፓሚስን ውሰዱ። ብሎኬት የሚመረትበት ቦታ ሁሉ ተከምሮ የምናየው ነጣ ያለ ቀላል ድንጋይ ማለቴ ነው፣ አዳማም ሀዋሳም ሞልቷል፣ ሰራተኞቹን አንድ እፍኝ ስጡኝ ብትሏቸው ምን ያደርግልሻል ብለው ይገረሙና ይሰጧችኋል። ክፍል ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ አድርጉና ድንጋይ ውሃ ውስጥ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም «ይሰምጣል!» ይላል፣ ከዛ ፓሚሷን ጣል ስታደርጓት ከላይ ትንሳፈፋለች፣ የዛን ጊዜ ነው ጩኸቱ። አንድ ልጅ ተቀብሎ አገላብጦ አየና «ቲቸር ዳቦ ነው እንዴ» አለኝ፣ ቀዳዳዎቹን አይቶ ነው፣ ትክክል ነው ደግሞ፣ ከእሳተ ገሞራ ሲወጣ ውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሰርቶ ሳለ ነው ቀዝቅዞ የደረቀው፣ አየሩ እዛው ቀዳዳው ውስጥ ቀረ፣ ለዛ ነው የምትንሳፈፈው። ባልዲው ውስጥ ትታችኋት እደሩ ደግሞ፣ ቀን እየቆየች ውሃ እየጠጣች ስትሄድ ዝቅ ዝቅ እያለች ትመጣለች፣ ይሄ ለብቻው ሌላ ክፍለ ጊዜ ነው። ከጎኗ ቀዩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጨምሩበት፣ እሱም ቀዳዳ አለው ግን ይሰምጣል፣ ለምን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።

ውሃም እንደዛው ነው። ላንጋኖ የሄደ ሰው ውሃው ቡናማ መሆኑን ያውቃል፣ በጣም የደቀቀ አፈር ተንሳፎበት ነው፣ ከዛ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉ፣ ከሀዋሳ ሐይቅ ደሞ አንድ፣ መስኮት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡና ልጆቹ በየቀኑ የቱ ይበልጥ እንደጠራ ይመዝግቡ። ለከፍ ያለ ክፍል የሚሆን ጥያቄም አለ፣ የሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገፅ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም፣ ታዲያ ለምን ጨዋማ አልሆነም?

ዲላ ወይ ይርጋለም ወይ አለታ ወንዶ ለሄደ ደሞ ቡና አለ፣ ፍሬው ከነቅርፊቱ ደርቆ፣ ከዛ የላዩ ደረቅ ቅርፊት ወልቆ፣ ከዛ ጥሬው፣ አንድ አንድ ፍሬ ብቻ፣ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ተለጥፎ። ቡና ጠጪ ሀገር ሆነን ፍሬው ስንት ልብስ እንደለበሰ የማያውቅ የከተማ ልጅ ብዙ ነው። እንሰት ላይ ግን አደራ፣ እርጥብ ቅጠልና ግንድ ከቦታ ቦታ ይዛችሁ አትዙሩ፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታ በተበከለ ተክልና መሳሪያ ነው የሚዛመተው፣ የታጠበና የደረቀ ቃጫ ይበቃል።

«መሬት ላይ ወድቆ ካገኘሁት የኔ ነው»

አይደለም። ብዙ ቅን መምህር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ለልጆች ብዬ ነው ስለሚል ጥፋት አይመስለውም።

መጀመሪያ ፓርክ። አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ድንጋዩም ላባውም አጥንቱም እንቁላሉም እዛው ይቅር፣ ፎቶ አንሱ። የአንድ መምህር አንድ ላባ ምን ይጎዳል እንዳትሉ፣ የዱር እንስሳ ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝ ከፓርክ ውጭም ቢሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ስለ ላባ ማስተማር የሚፈልግ የበዓል ዶሮ አለችለት፣ የክንፏን ላባ አጥቦ አድርቆ ስልክ ካሜራ ላይ ዙም ቢያደርገው ላባው እንዴት እርስ በርስ እንደተያያዘ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛ ባልጩት። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው፣ በስምጥ ሸለቆ በብዛት ይገኛል፣ ቆንጆ ስለሆነ ሁሉም ኪሱ ይከታል። ችግሩ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ቦታ ላይ ከ270,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሳሪያዎች ተገኝተዋል፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ደሞ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፣ ስለዚህ መንገድ ዳር ያያችሁት ስባሪ ሰው ሆን ብሎ የጠረበው ሊሆን ይችላል፣ እኔና እናንተ ደሞ በዓይን አይተን መለየት አንችልም። ከተነሳ በኋላ የት እንደነበረ ካልታወቀ ለተመራማሪ የሚናገረው ነገር ብዙው ይጠፋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚም ቢሆን ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለስልጣን እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ነው የሚለው። ጥያና ጌዴኦ ዞን ያሉት ትክል ድንጋዮች ጋር ስትሄዱም ከስሩ የረገፈች ፍንካች ናት ብላችሁ እንዳታነሱ፣ ለክረምት ኮርስ ዲላ የምትሄዱ በተለይ፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ «ትንሽ የባህር አሸዋ አምጣልኝ» የምትሉም ካላችሁ፣ የጣሊያኗ ሳርዲኒያ ደሴት ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አሸዋና ዛጎል መውሰድ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል። ሌላም ቦታ ተመሳሳይ ክልከላ አለ። አፈርና ዘር ደሞ ተባይና በሽታ ይዞ ስለሚገባ የኳራንታይን ጉዳይ አለበት። ለዘመዳችሁ የሜትሮ ትኬት፣ የሙዚየም ካርታ፣ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት አምጣልኝ በሉት፣ ይቀለዋልም።

«የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ ልጅ አይጎዳም»

የጉሎ ፍሬ አይታችኋል? ዥጉርጉር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለመቁጠሪያም ለጌጥም የሚያምር። ውስጡ ያለው መርዝ ከባድ ነው፣ ልጅ አኝኮ ከዋጠው ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ሳይክል ክፍል ውስጥ በፍፁም እንዳይገባ። አስተናግርም እንደዛው። ለመቁጠሪያ ባቄላ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ ምን አነሰው።

የሐይቅ ቀንድ አውጣ ሌላው ነው። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች እዚህ ሀዋሳ ሐይቅ ዳርም ይገኛሉ። ደርቆ ባዶ የሆነው ዛጎል አይደለም የሚያስፈራው፣ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው በቆዳ የሚገባው። ስለዚህ ዛጎል ፍለጋ ባዶ እግር ሳር የበዛበት ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ተማሪ ይዛችሁ ደሞ ጭራሽ፣ በሕይወት ያለውን በጠርሙስ ከነውሃው ክፍል ማምጣትም አይሆንም። ዳር ላይ ደርቆ የተገኘውን ባዶውን አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል።

«ስልክ እያለ ዕቃ ምን ያደርጋል»

ፎቶ ክብደት የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሸካራ ይሁን ለስላሳ አይነግርም። ማየት የተሳነው ተማሪ ክፍላችሁ ውስጥ ካለ ይሄን ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ለሱ በእጁ የያዛት ፓሚስ ናት ትምህርቱ። የፎቶ ቦታው መወሰድ የማይፈቀድ ነገር ላይ ነው፣ እና ዕቃው የተገኘበትን አካባቢ ለማሳየት፣ እዛ ላይ የሚያህለው የለም።

«ይሄ ለትንንሽ ልጆች ነው»

የሆቴል ደረሰኝ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፣ አንዳንዱ ላይ ሰርቪስ ቻርጅም አለ፣ ልጆቹ ከድምሩ ተነስተው ዋናውን ዋጋ ይፈልጉት። የአየር መንገድ በራሪ ላይ ያለው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሰዓት ልዩነት ትምህርት ነው። ሜኑ እንግሊዝኛ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ቦርዲንግ ፓስ ከሆነ ስሙንና ባርኮዱን ቁረጡት የግል መረጃ አለበት፣ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ደሞ ሙቀት የሚያጠቁረው ወረቀት ስለሆነ እንዲቆይ ብላችሁ ላሚኔት ስታስደርጉት ጥቁር ይሆንባችኋል፣ ትታችሁት ደሞ ይደበዝዛል፣ መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ አድርጉና ኮፒውን ተጠቀሙ።

«ብዙ በሰበሰብኩ ቁጥር ይሻላል»

የትምህርት ማበልፀጊያ ማዕከል፣ ማለትም የመርጃ መሳሪያ ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱ ድንጋዮች የሌሉበት ትምህርት ቤት አላውቅም፣ ከየት እንደመጡ ማንም አያውቅም፣ ያመጣቸው መምህር ከተዛወረ ቆይቷል። ዕቃው ብቻውን ምንም አይናገርም። እዛው ቦታው ላይ ሆናችሁ፣ ቤት ስገባ ሳትሉ፣ በቁራጭ ወረቀት የት፣ መቼ፣ ማን እንደሰጣችሁ ጻፉና አብራችሁ በፌስታል ቋጥሩት። የትኛው ትምህርት ላይ እንደምትጠቀሙበት ካላወቃችሁ አታንሱት። አንድ ምዕራፍ ላይ አንድ ነገር ከገባ ለዓመቱ ተርፏል።

«ልጆቹም ከእረፍት ሲመለሱ አንድ አንድ ዕቃ ይዘው ይምጡ፣ ማርክ ይያዝበት»

ይሄ ቅን ይመስላል ግን ልጅ ይሰብራል። የትም ያልሄደ ልጅ አለ፣ ክረምቱን ሎተሪ ሲያዞር ወይ እናቱን ሲያግዝ የከረመ፣ መስከረም ላይ ጓደኞቹ የላንጋኖ ጠርሙስ ሲያወጡ እሱ ምን ያወጣል? ማርክ አትያዙበት፣ ጉዞ የሚለውንም ተዉት፣ ካላችሁበት ሰፈር ክፍሉ የማያውቀውን ነገር አሳዩን በሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አካባቢ የሚኖር ልጅ ቆሮሶን ከአምባዛ በቅርፊቱ ይለይላችኋል፣ አምባዛ ቅርፊት እንደሌለው ብዙ መምህር ራሱ አስተውሎ አያውቅም፣ ልጁ የቆሮሶ ቅርፊት አጥቦ አድርቆ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል፣ ብርሃን ላይ ሲያዝ እንደ ቀለበት የተደራረቡ መስመሮች ይታዩበታል፣ ዓሣው እያደገ ሲሄድ ቅርፊቱም አብሮ ሲያድግ የወጡ ናቸው። ወረቀቱ ላይ የልጁን ስም ጻፉበት፣ ማዕከሉ መዝገብ ላይም አስመጪ በሚለው ቦታ እሱን አስገቡት።