ቬጋስን ቡግሲ አልሠራትም፤ ሌሎችም የሰለቹኝ ወሬዎች

ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ካሲኖ ዲለር ነኝ፤ ካርድ አድላለሁ። ከዲሲ፣ ከዴንቨር ወይም ከሲያትል ዘመድ በመጣ ቁጥር ትልልቆቹ ካሲኖዎች የተደረደሩበትን ጎዳና፣ ስትሪፑን፣ ማስጎብኘት የኔ ድርሻ ነው። ፍላሚንጎ ሆቴል ጋ ስንደርስ ከኋላ ወንበር አንዱ ማስረዳት ይጀምራል። «ይሄን ከተማ እኮ የሠራው ማፊያ ነው። ቡግሲ የሚባል ሰውዬ ባዶ አሸዋ ላይ መጥቶ...» ደሜ የሚፈላው ያኔ ነው። ፊልም ላይ ያየውን እዚሁ ለሚኖር ሰው ታሪክ ብሎ ይነግራል።

ቀላል ቀላሎቹን በቶሎ ልጨርስ።

«ስትሪፕ ላስ ቬጋስ ከተማ ውስጥ ነው።» አይደለም። አብዛኛው ስትሪፕ ከከተማው ወሰን ውጭ፣ ፓራዳይዝ በሚባል በክላርክ ካውንቲ ሥር ባለ ሰፈር ነው። ሙሽሮቻችን ፎቶ የሚነሱበት፣ በ1959 የተተከለው የእንኳን ደህና መጣችሁ ምልክትም እዚያው ነው።

«ሴተኛ አዳሪነት ቬጋስ ውስጥ ይፈቀዳል።» ክልክል ነው። በግዛታችን በኔቫዳ የሚፈቀደው በአንዳንድ የገጠር ካውንቲዎች ብቻ ነው።

«ሰው እንዳይደክመው ካሲኖው ውስጥ ኦክስጅን ይለቃሉ።» ኦክስጅን እሳት ያባብሳል። በ1980 ኤምጂኤም ግራንድ ውስጥ በተነሳው ቃጠሎ ከ80 በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ ወዲህ የእሳት መከላከያ ሕጉ በጣም ጠብቋል። ሲጋራ በሚጨስበት አዳራሽ ኦክስጅን የሚለቅ ሆቴል የለም።

አሁን ወደ ቡግሲ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ሜይ 15 ቀን 1905 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የባቡር ኩባንያ መሬቱን ሸንሽኖ በጨረታ ሸጠው። ካውንቲው ስሙን ያገኘው ከዚያ ኩባንያ ባለቤት፣ ከሴናተር ዊልያም ክላርክ ነው። በ1931 የኔቫዳ ሕግ አውጪዎች ቁማርን ፈቀዱ። ኢኮኖሚው ወድቆ ነበርና ግዛቱ ገቢ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት የሁቨር ግድብ ሥራ ተጀመረ፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ወደ በረሃው ጎረፈ። መንግሥት ለግድቡ ሠራተኞች በሠራት በቦልደር ሲቲ ቁማር ክልክል ነበር፣ ዛሬም ክልክል ነው። ስለዚህ ደሞዝ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደ ላስ ቬጋስ፣ ወደ ፍሪሞንት ጎዳና ነበር የሚመጣው። እዚያ የመጀመሪያውን የቁማር ፈቃድ ያወጣችው ሜይም ስቶከር የምትባል የባቡር ሠራተኛ ሚስት ናት። ስለሷ የሚያወራልኝ እንግዳ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ስትሪፕንም ቢሆን ቡግሲ አልጀመረውም። ቶማስ ሃል የሚባል የካሊፎርኒያ ሆቴል ነጋዴ በ1941 ኤል ራንቾ ቬጋስን ከፈተ። ቦታው ከሎስ አንጀለስ የሚመጣው አውራ ጎዳና ዳር ነው። ሾፌር ሙቀቱ አቃጥሎት ሲያልፍ መዋኛ ገንዳ ይታየዋል፤ ይቆማል። በዓመቱ ላስት ፍሮንቲየር ተከተለ። ፍላሚንጎ የተከፈተው በ1946 መጨረሻ ነው። እሱንም የወጠነው ቢሊ ዊልከርሰን የሚባል የሆሊውድ ጋዜጣ አሳታሚ ሲሆን ቡግሲ ሲገል የገባው ዊልከርሰን ገንዘብ ሲያጥረው ነው። ሆቴሉ ሲመረቅ ክፍሎቹ ገና አላለቁም ነበር። ሲገል በጁን 1947 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ ተገደለ። ከምርቃቱ እስከ ሞቱ ስድስት ወር አይሞላም። ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ከተማ ሠራ የሚባለው።

ማፊያ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበረ፣ ለዚያውም ለረጅም ጊዜ። ባንኮች ለካሲኖ ማበደር ስላልፈለጉ ብዙ ሆቴል የተሠራው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ማኅበር የጡረታ ፈንድ በተገኘ ብድር ነው። ብድሩ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ ማፊያው እጁን ያስገባ ነበር። ከካሲኖዎቹ የገንዘብ መቁጠሪያ ክፍልም ገንዘብ ሳይመዘገብ ይወጣ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ያ የሾፌሮች ጡረታ ነው፤ የሰው ላብ ነው። ማፊያው ሰረቀ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ሠራ ማለት ሌላ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው «ሃዋርድ ሂዩዝ ብቻውን ማፊያውን አባረረ» የሚለው ነው። ቢሊየነሩ ሂዩዝ በ1966 መጨረሻ መጥቶ በተከታታይ ካሲኖዎች ገዛ፣ እውነት ነው። ዋናው ለውጥ ግን የወረቀት ሥራ ነበር። በድሮው ሕግ የካሲኖ ባለአክሲዮን ሁሉ አንድ በአንድ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። በሺዎች የሚቆጠር ባለአክሲዮን ያለው ኩባንያ ይህን እንዴት ያሟላል? በ1967 እና በ1969 ሕጉ ሲሻሻል ትልልቅ ኩባንያዎች ገቡ። የቀረውን የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ በ1980ዎቹ ፍርድ ቤት ጨረሰው።

የቡግሲ ተረት በጣም የሚያናድደኝ ሌላውን ታሪክ ስለሚሸፍን ነው። «ቬጋስ ድሮም ለሁሉም ክፍት ነበረች» የሚሉኝ ሐበሾች አሉ። እንኳን ክፍት ልትሆን! በ1950ዎቹ ጥቁር ዘፋኝ ስትሪፕ ላይ መድረኩን ሲያናውጥ ያመሽና እዚያው ሆቴል ማደር አይፈቀድለትም። ዌስትሳይድ ወደሚባለው ሰፈር ሄዶ ነው የሚተኛው። በ1955 ጥቁርና ነጭን አብሮ የሚያስተናግደው ሙላን ሩዥ ተከፍቶ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በ1960 ዶክተር ጄምስ ማክሚላን የሚባል ጥቁር የጥርስ ሐኪም፣ የጥቁሮች መብት ማኅበር መሪ፣ «ካልከፈታችሁ ስትሪፑን በሰልፍ እንሞላዋለን» አለ። ባለሆቴሎቹ እሺ ያሉት በዚያ ግፊት ነው። ሥራው ግን ገና ነበር። ጥቁሮችን በጽዳትና በኩሽና ብቻ ከመቅጠር እንዲወጡ ካሲኖዎቹ ፍርድ ቤት ፊት ስምምነት የፈረሙት በ1971 ነው። ዛሬ እኔና ብዙ የአገሬ ልጆች ጠረጴዛ ላይ የቆምነው እነዚያ ሰዎች ስለታገሉ ነው። ስትሪፕ ላይ ስም ይጠራ ከተባለ የማክሚላን ይጠራ።

ከጎብኚዎቹ ጋር ስትሪፑን ጨርሰን ካሲኖ ስንገባ ደግሞ ሌላው ይመጣል። «ዲለሯ ሐበሻ ከሆነች ጥሩ ካርድ ትሰጠናለች።» እኛ ካርድ አንመርጥም። ብር እንኳ ከእጃችሁ አንቀበልም፤ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ እኛ ካሜራው እንዲያይ ዘርግተን እንቆጥራለን። ከጠረጴዛ ስንወርድ አጨብጭበን መዳፋችንን ወደ ላይ እናሳያለን፤ ምንም እንዳልያዝን እንዲታይ ነው። ለዘመድ ብለን እንጀራችንን እንድናጣ አትጠይቁን።

«ማሽኑ ሞልቷል፣ ሊተፋ ነው» የሚለው ግን ሰው ያጠፋል። የባለቤቴ ዘመድ አንድ ስሎት (የቁማር ማሽን) ላይ ሌሊቱን አድሮ ለትኬት የያዘውን ብር ጨረሰ። ልነሳ ሲል «አሁን ብነሳ ሌላ ሰው ይወስድብኛል» እያለ ተመልሶ ይቀመጣል። ማሽኑ ትናንት የበላውን አያስታውስም። እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው ነው።

መጫወታችሁ ካልቀረ ብላክጃክ በሚባለው የካርድ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ጨርቁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «3 ለ 2» የሚል ከሆነ በ10 ዶላር ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርዶች 21) ሲደርሳችሁ 15 ታገኛላችሁ። «6 ለ 5» ካለ ግን 12 ብቻ ነው። ያኔ አትቀመጡ፣ እለፉት።